የድሬ ሙቀት የበላው ዶሮ ወጥ

«ዶሮ ወጥ ሲያድር ይጣፍጣል» ያለችኝ እናቴ ናት። እሷ ደብረ ብርሃን ናት፣ ደጋ። እኔ ድሬዳዋ ነኝ። ልዩነቱን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር የዋለው፣ ሙቀቱ ሲብስ። ሐሙስ ጉልባን ቀቀልኩ፣ ዓርብ ስንሰግድ ዋልን፣ ቅዳሜ ቄጤማችንን አሰርን። እስከዚህ ደህና።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ሁለት ዶሮ አረደ። ስድስት ሰዓት ላይ ወጡ ደረሰ። እንደ እናቴ ትኩሱን ከድኜ በፎጣ ጠቀለልኩት፤ ማታ ፍሪጅ አስገባዋለሁ ብዬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የሰፈሩ በርቷል፣ የኛ ግቢ ብቻ ጨለማ። የአከራያችን ካርድ ቆጣሪ አልቆ ነው! ሳምንቱን ሙሉ «ጋሼ፣ በዓል ነው፣ ካርዱን ይሙሉ እንጂ» ስላቸው «አይዞሽ ልጄ» ይሉኝ ነበር።

ሮጬ ልሞላ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም፣ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ስልኩን ይነካካል። «ሲስተም የለም፣ ሰኞ ኑ።» አቦ፣ ሰኞ ምን ላደርግበት ነው? ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ጎረቤቴ አዴ «ፍሪጄ አለልሽ» አሉ፣ ወዲያው ሁለታችንም ሳቅን። የክርስቲያን ሥጋ እሳቸው ፍሪጅ ውስጥ ምን ሊሠራ! በልጃቸው አንድ ፌስታል በረዶ ላኩልኝ። ድስቱን በሳፋ በረዶው ላይ አስቀመጥኩት። ግን ረፍዷል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ተመልሰን ክዳኑን ሳነሳ አረፋ ሠርቷል፣ ሽታው እንደ ጠላ። አማቴ «ጨው ጨምረሽ አፍይው» አሉ። እምቢ አልኩ። የሆመጠጠ ወጥ ቢፈላም ያው ነው፤ ማንም ቢመክራችሁ አትስሙ። እንቁላሉን ገና ስላልጨመርኩት ተረፈ። 55 ቀን የጾሙ ልጆቼ በድፎ ዳቦና በእንቁላል ገደፉ። የዋጥኩት ሐዘን ግን አልተፈጨልኝም። ጥፋቱ የአከራዬ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፎጣውን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ።

በ2017 ቁሌቱን ብቻ ቀድሜ ሠራሁ፣ ያለ ቅቤ። ጾም ስለሆነ መቅመስ የለም፤ ጨውን በግምት ነው። ዶሮው ቅዳሜ አመሻሽ ታርዶ ገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንል ወረደ። ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አቆየሁት፣ ከዚያ ከፋፍዬ ፍሪጅ። አማቴ «የበዓል ወጥ እንዲህ ይሠራል?» ብለው አጉረመረሙ። ሌሊት ግን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ካርዱንም ሰኞ፣ ሰሙነ ሕማማት ሲገባ፣ በራሴ ብር ሞላሁት። አከራያችን በፋሲካው ዕለት መጥተው ሁለት ብልት በሉና «ካርዱን ማን ሞላው?» አሉኝ።