የኤል ሪኖ የሽንኩርት በርገር፦ አቀማመሱና አሠራሩ

ዳላስና አካባቢዋ ላላችሁ የበርገር ወዳጆች፣ በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ያለችው ኤል ሪኖ ሩቅ አይደለችም። በአይ-35 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን እስከ ኦክላሆማ ሲቲ፣ ከዚያ በአይ-40 ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት የተነሳ ለምሳ ይደርሳል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ግን ሦስት የታወቁ ቤቶች በእግር በሚደረስ ርቀት አሏት፦ ከ1926 ጀምሮ ያለው ሮበርትስ ግሪል፣ በ1946 የተከፈተው ጆኒስ ግሪል፣ ከሁለቱም በዕድሜ የሚያንሰው ሲድስ ዳይነር። ሦስቱም የሚታወቁት በአንድ ነገር ነው፦ ሽንኩርት ተጨፍልቆ ሥጋው ውስጥ በገባበት በርገር።

አመጣጡ ከ1922ቱ የባቡር ሠራተኞች አድማ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ኤል ሪኖ የባቡር ከተማ ነበረች፤ ደመወዝ ሲቋረጥ ሥጋ ተወደደ፣ ሽንኩርት ግን ርካሽ ነበር። የበርገር ሻጮች ጥቂቱን ሥጋ በሽንኩርት አብዝተው ሸጡት። ችግሩ አለፈ፣ አሠራሩ ቀረ። እውነቱን ለመናገር አሁን ሥጋው ቢጨመርበት ይበላሻል።

ስትቀምሱ መጀመሪያ ሲንግል (አንድ ሥጋ ያለውን) እዘዙ። ደብል (ሁለት ሥጋ) ሲሆን ሥጋው ይገንና ሽንኩርቱን ይሸፍነዋል፤ ሦስት ቤት ለማዳረስም ሆድ አይችልም። ቺዝ ይኑረው፤ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ካቻፕ ይቅሩ። ሽንኩርቱ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ካቻፕ ሲጨመርበት ጣፋጭነቱ ይበዛል፤ ሰናፍጭና የኮመጠጠ ኪያር ግን ቅባቱን ይቆርጣሉ። «ሚዲየም» (መካከሉ ቀላ ያለ) ብሎ ማዘዝ እዚህ ትርጉም የለውም። ሥጋው ስስ ነው፣ እስከ መጨረሻው ይበስላል፤ ክትፎ ለብ ለብ የለመደ ሰው ቀይ ልብ አይጠብቅ።

ቦታ ካለ ባንኮኒው ጋ ተቀመጡ፤ ግማሹ ትምህርት ምጣዱ ላይ ነው። የሥጋው ድቡልቡል ሲጣል፣ በላዩ አንድ እፍኝ ሽንኩርት ሲከመርበት፣ ወዲያው በመገልበጫ ጀርባ ሲጨፈለቅ ታያላችሁ። በርገሩ ሲመጣ የላይኛውን ዳቦ ሳታነሱ ጫፉን እዩ፤ ከዳቦው አልፎ የወጣ ስስ፣ ቡናማ፣ የተንጨረጨረ ሽንኩርት መኖር አለበት። አንዴ ስትገምጡ ሦስት ዓይነት ሽንኩርት ሊሰማችሁ ይገባል፦ ጫፉ ላይ የሚንኮሻኮሽ፣ መካከሉ ላይ የለሰለሰና የጣፈጠ፣ ሥጋው ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ትንሽ ጥንካሬ የቀረለት። ሁሉም ለስላሳ ከሆነ ሽንኩርቱ ለብቻው ተጠብሶ ላዩ ላይ የተደረገ ነው፤ ያ ሌላ ምግብ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብሉት። ሲቀዘቅዝ ዳቦው እርጥበቱን ይጠጣና ልዩነቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከሦስት ቤት ገዝቶ መኪና ውስጥ ማወዳደር ፍርድን ያዛባል። ሌላው ፍርድን የሚያዛባ ነገር ረሃብ ነው፦ የመጀመሪያው ቤት ሁልጊዜ ያሸንፋል። በቡድን ከሄዳችሁ አንዱን ለሁለት ተካፈሉ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ጆኒስ ጋ ከደረሳችሁ በስላው (በሰናፍጭ በተለወሰ የጥቅል ጎመን ሰላጣ) የሚቀርበውን ኮኒ የተባለ ሆት ዶግ ሳትቀምሱ አትውጡ፤ ግን ከበርገሩ በኋላ ይሁን፣ ሰናፍጩ ምላስ ይይዛል።

ወደ ቤት ምጣድ ስንመጣ ለአራት ሰው፣ ማለትም ለስምንት ሲንግል፣ 600 ግራም የተፈጨ የበሬ ሥጋና 600 ግራም ሽንኩርት ይበቃል። እኩል በእኩል ነው፤ ሽንኩርቱ ሲበስል ስለሚሟሽሽ አትደንግጡ። ሥጋው 20 በመቶ ስብ ይኑረው። ቀይ ሥጋ ብቻ ከሆነ ሽንኩርቱን የሚጠብሰው ቅባት አይወጣም፤ በርገሩም ይደርቃል። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ሥጋ ቤት ስታስፈጩ ጮማ እንዲቀላቀልበት ንገሩ። ጨው ሥጋው ውስጥ አታሹ፤ ቀድሞ የገባ ጨው ሥጋውን አጣብቆ እንደ ቋሊማ ያጠነክረዋል። እያንዳንዳቸው 75 ግራም የሆኑ ድቡልቡሎች አድርጉና እስኪጠበሱ ፍሪጅ ውስጥ ይቆዩ። ቀድሞ የተጠፈጠፈ ሥጋ ሽንኩርቱን አይቀበልም፤ ላዩ ላይ ብቻ ይቀመጣል።

ሽንኩርቱ ቢጫ ልጣጭ ያለው ትልቁ ቢሆን ይሻላል። ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ በቁመቱ ይቆረጥ፤ ማንዶሊን (ስስ አድርጎ መቁረጫ) ካላችሁ ሥራው ይቀላል። ለቁሌት እንደምንከትፈው ከተከተፈ እያንዳንዱ ፍሬ ተበታትኖ ምጣዱ ላይ ይቀርና ያርራል፤ ረጅሙ ግን እርስ በርሱ ተጠላልፎ ሥጋውን ይይዛል። ወፍራም ከሆነ ሥጋው ደርሶ እሱ ጥሬ ይቀራል።

ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። የበርገር ቤቶቹ ወፍራም የብረት ምጣድ ሙቀት ስለሚይዝ የሽንኩርቱን ውሃ ቶሎ ያተነዋል፤ የቤት ምድጃ ያን አቅም የለውም። ስለዚህ በ600 ግራሙ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በትኑበት፣ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ጨምቁት። ይህን ከዘለላችሁ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ መልኩም ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

የብረት ድስት ወይም ወፍራም መጥበሻ ይሁን፤ በማያጣብቅ መጥበሻ አትሞክሩት፣ መፋቅ አለበት። ሙቀቱን በውሃ ጠብታ እዩ፦ ተንጫጭታ ወዲያው ከጠፋች ልክ ነው፤ ድቡልቡል ሆና ከተንሸራተተች በዝቷል፣ ሽንኩርቱ ሳይጣፍጥ ጠቁሮ ይመራል። ድቡልቡሉን ጣሉ፣ አንድ እፍኝ ሽንኩርት ከምሩበት፣ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥ በኃይል ተጭናችሁ 6 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሳሳና ከዳቦው ትንሽ እስኪሰፋ ድረስ አስፉት። ከዚያ በኋላ መጫን ክልክል ነው፤ ቀልጦ የሚወጣው ቅባት አይመለስም። ትንሽ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሱ።

ሁለት ተኩል ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ጠርዙ ሲጠቋቁር፣ ሹልና ስስ መፋቂያ ከሥር አስገብታችሁ በአንድ ጊዜ ገልብጡ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፦ ቶሎ የቸኮለ ቡናማውን ቅርፊት ምጣዱ ላይ ይተዋል። አሁን ሽንኩርቱ ከሥር ሆነ፤ እሳቱን ትንሽ ቀንሱለት። አንድ ቁራጭ አሜሪካን ቺዝ ላዩ ላይ፣ በዚያ ላይ የዳቦውን ሁለት ገጽ ደራርባችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ተዉት። ዳቦው ከሽንኩርቱ በሚወጣው እንፋሎት ይለሰልሳል፤ እዚያው ሽታውን ይጠጣል። ዳቦው ተራ ነጩ ይሁን። ቅቤና እንቁላል የበዛበት ዳቦ ከጣፋጩ ሽንኩርት ጋር ሲሆን ኬክ ኬክ ይላል።

30 ሳንቲ ሜትር መጥበሻ ላይ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አትጣሉ፤ ሙቀቱ ይወርድና እንደገና የውሃው ችግር ይመጣል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የቀረውን ሽንኩርት ፍቃችሁ አውጡ፤ ትንሿ ያረረች ቁራጭ ቀጣዮቹን ሁለቱን ታመራለች።