ፖፑ «ሂዱ» ብለዋል እንዴ?

ባህር ዳር ውስጥ ካቶሊክ ነኝ ስትሉ ሰው መጀመሪያ የሚላችሁ «እዚህም አለ እንዴ?» ነው። አለ፣ ትንሽ ነን እንጂ፣ የባህር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት እራሱ የተቋቋመው በፈረንጅ 2015 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው)። ሰሞኑን ግን የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ልጅ ሌላ ጥያቄ ይዞብኝ መጣ፣ «ፖፓችሁ ስደተኛ ይግባ አይደል እንዴ የሚሉት፣ ታዲያ እኔ በመተማ ብወጣ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?» አለኝ፣ ከደላላ ጋር ዋጋ ሁሉ ጀምሯል።

ግማሹን ነው የሰማኸው አልኩት።

ይግባ የሚለው እውነት ነው። ፖፕ ፒዮስ 12ኛ በ1952 ስለ ስደተኞች ያወጡት ሰነድ ሲጀምር ወደ ግብፅ የሸሸውን የናዝሬት ቤተሰብ ነው የስደተኛ ሁሉ ምሳሌ የሚያደርገው። ይሄ ለኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም፣ በጽጌ ወር የእመቤታችንን ስደት እየሰማን ነው ያደግነው፣ እዚሁ ጣና ቂርቆስም አርፋለች ይባላል። በ2025 ያረፉት ፖፕ ፍራንቸስኮስም በ2013 እንደተመረጡ ከሮም ውጭ መጀመሪያ የሄዱት ላምፔዱዛ ነው፣ ስደተኞች በጀልባ የሚደርሱባት የጣሊያን ደሴት፣ ባህር ለበላቸው ሊጸልዩ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ለአሜሪካ ጳጳሳት ጽፈው በድህነት ወይ በችግር አገሩን የለቀቀን ሰው በጅምላ ማባረር ክብሩን መንካት ነው ብለዋል፣ አገር ከባድ ወንጀል ከሰሩ ሰዎች ራሱን የመከላከል መብት እንዳለው ሳይክዱ።

ሌላው ግማሽስ? የአሜሪካና የሜክሲኮ ጳጳሳት በ2003 አንድ ላይ ያወጡት ደብዳቤ አምስት ነጥብ አለው፣ አንደኛው ሰው በገዛ አገሩ ሰርቶ የመኖር እድል የማግኘት መብት አለው ነው የሚለው። መሰደድ የመጣው ሁለተኛ ላይ ነው፣ አገሮች ድንበራቸውን ይቆጣጠሩ የሚለው ሶስተኛ። ዋሽንግተን ላይ ስለ ኢሚግሬሽን ህግ ሲጨቃጨቁ ሁለተኛውና ሶስተኛው ላይ ነው የሚፋጁት፣ ወረቀት ለሌለው መንገድ ይከፈት አይከፈት ምናምን፣ አንደኛው ግን ከነሱ ይልቅ እኛን ነው የሚመለከተው።

ትምህርተ ክርስቶሱም (የቤተክርስቲያናችን የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፍ) ሀብታም አገሮች እንደአቅማቸው ይቀበሉ ይልና የገባውም የአገሩን ህግና ቅርስ ያክብር ይላል። (ይሄን እንኳን እኛ ካቶሊኮች ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን፣ በሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያኑ፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ፣ ጎርጎራ ተቀምጠው በንጉሱ ጉልበት የህዝቡን እምነት ሊያስቀይሩ ሲሉ አይደል ፋሲል ያባረራቸው።)

ግን ልጁን «እዚሁ ቅር» ማለት ለኔ ቀላል ነው። ባጃጁ የራሱ አይደለም፣ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ታውቁታላችሁ፣ መንገድ ከተዘጋ የዛን ቀን ገቢ የለም። ፍራንቸስኮስ በ2023 የስደተኞች ቀን መልእክታቸው ሰው ለመሄድም ለመቅረትም ነፃ ይሁን ነው ያሉት፣ ይሄ ልጅ ቢሄድም ቢቀርም ወዶ አይደለም። ደሞ የሚገርመው በዛው በመተማ ከ2023 ጀምሮ ሱዳናውያን ጦርነት ሸሽተው ወደኛ ይገባሉ፣ እሱ ሊወጣ ባሰበበት በር! ስነግረው «እኔ አላፊ ነኝ፣ ሊቢያ እስክደርስ ነው» አለኝ።

እኔን የሚያናድደኝ ደላላው ነው። ቤተክርስቲያን ለስደተኞች እንጸልያለን፣ ጥሩ ነው፣ ስለ ደላላው ግን ስብከት ሰምቼ አላውቅም፣ ሰውዬው'ኮ አብሮን እቁብ የሚጥል፣ ለቅሶ የሚደርስ የሰፈር ሰው ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለሚቀጥለው የስደተኞች ቀን ካህናችን የላምፔዱዛን ነገር ለአንድ ዓመት ተወት አድርገው ስለሱ ቢሰብኩልን ደስ ይለኛል፣ ይሄን ካነበቡትም ቅር አይበላቸው።