ታንኩ ሁልጊዜም ሙሉ ነው

የቤቱ ፍሳሽ የሚገባበት ሴፕቲክ ታንክ ለእኔ ጉድጓድ ነበር። ሲሞላ ይመጠጣል፣ አለቀ። አልሞላም እያልኩ ስድስት ዓመት ከረምኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሽንት ቤቱ ውሃ በተለቀቀ ቁጥር የሻወሩ ማፍሰሻ ይንቦጫረቅ ጀመር።

ሊመጥ የመጣው ሰውዬ ክዳኑን ሲያነሳ «ሞልቷል እንዴ?» አልኩ። ሳቀብኝ። «ይሄማ በተሠራ በጥቂት ቀን ነው የሞላው፣ ወንድሜ!»

ለካ ታንኩ ሁሌ ሙሉ እንዲሆን ነው የሚሠራው። አንድ ባልዲ ውሃ በዚህ ሲገባ፣ አንድ ባልዲ በዚያ ይወጣል። ሥራው ፍሳሹን አስተኝቶ መለየት ነው። ከባዱ ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ይንሳፈፋል፤ የመሃሉ ውሃ ብቻ ወደ ማስረጊያው፣ አፈር ውስጥ ወደሚሰርግበት ቦታ፣ ይሄዳል። አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ይበሉታል፣ ግን አይጨርሱትም። የቀረው ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። መውጫው ጋ ሲደርስ ከውሃው ጋር አምልጦ አፈሩን ይደፍናል። ታንክ ይመጠጣል። የተደፈነ አፈር ግን ምን ይደረጋል? ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ መቆፈር ነው። ጀርሙን የሚያጣራው ደግሞ ያው አፈር ነው።

ሰውዬው ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ እስከ ታች ሰደደው። ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ አወጣው። ጨርቁ ከታች እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ድረስ ጥቁር ብሏል። የውሃው ጥልቀት 1.5 ሜትር ነው። ዝቃጩና ቅባቱ ተደምረው ሲሶውን ከያዙ መመጠጥ አለበት፤ ለብዙ ቤት ይሄ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይመጣል። እኔ አልፌው ሄጃለሁ።

ከላይ የተንሳፈፈውን ሳየው ደግሞ አፈርኩ። እርጥብ ሶፍት! «ሽንት ቤት ውስጥ ይጣላል» ተብሎ የተጻፈበት፣ እንዳለ፣ አልተበጣጠሰም። የመጥበሻ ዘይቱም እንደ ሻማ ረግቷል።

አንገቴን ላስገባ ስል ክንዴን ያዘኝ። እዚያ ውስጥ ያለው ጋዝ ይገድላል። ሲበዛ ደግሞ ሽታው ራሱ አይታወቅም፣ አፍንጫ ይደነዝዛል። ሰው ሊያወጣ ገብቶ የሚቀር ብዙ ነው። ክዳኑ ከተሰነጠቀ ዛሬ ነገ አትበሉ።

አሁን የራሴ እንጨት አለኝ፣ ከጓሮ በር ጀርባ። ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ተደግፎት ቆሞ ሲያወራኝ፣ ምን እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ በዋናው በር ነው የሚገባው።