አይጥ ሳይኖረኝ ስለ አይጥ ሽል ሴሚናር ያቀረብኩበት መንገድ

ደሴ ቁጭ ብዬ ስለ አይጥ ሽል ሴሚናር ላቀርብ ነው ስላቸው ጓደኞቼ ሳቁብኝ፣ አይጥማ ሞልቶልሃል ጓዳ ግባ አሉኝ። ርዕሱን የመረጥኩት ራሴው ነኝ፣ ቅባትን የሚቆጣጠሩ ኢንዛይሞች በአይጥ ሽል እድገት ላይ ያላቸው ሚና። ቀላል መስሎኝ ነበር እኮ፣ ቅባት ሲባል ለኔ ሃይል ማጠራቀሚያና የሴል ሽፋን ነው፣ በቃ።

ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ባከነ። ፒዲኤፍ አወርዳለሁ፣ መብራት ሲሄድ ስልኬ ላይ አነባለሁ፣ የኢንዛይም ስም በስም ደብተሩን ሞላሁት ግን አንዱም ካንዱ አልያያዝ አለ። ኋላ ላይ ሁሉንም ትቼ ኤልፒኤ የሚባለውን አንድ ቅባት ብቻ ተከተልኩ። ይሄ ቅባት ምግብ ሳይሆን መልእክት ነው፣ ከሴሉ ውጪ ሆኖ ተቀባዩን ይነካና ተንቀሳቀስ፣ ተጣበቅ፣ ተባዛ ይለዋል። ኦቶታክሲን የሚባለው ኢንዛይም ይሰራዋል፣ ኤልፒፒ3 የሚባለው ሌላ ኢንዛይም ደሞ ቅባቱ ላይ ያለውን ፎስፌት ቆርጦ ዝም ያሰኘዋል።

እዚ ጋ ነው የተሳሳትኩት። አንዱ ሰሪ አንዱ አፍራሽ ከሆነ፣ አንዱን ጂን ስታጠፋ የሚመጣው ችግር የሌላው ተቃራኒ ነው ብዬ ሁለት ቀስት ወደ ላይና ወደ ታች ስዬ ስላይድ ሰራሁ፣ ኮራሁበትም። ለጓደኛዬ ሳሳየው ጽሁፉን ራሱን አንብበሃል ወይ አለኝ። አላነበብኩም፣ ያነበብኩት መግቢያውን ብቻ ነበር። ገብቼ ሳነብ ኤልፒፒ3 የሌለው ሽል (2003 ላይ የወጣ ስራ ነው) የአስኳል ከረጢቱ (ሽሉ ጋ የተያያዘው ስስ ከረጢት) ላይ የደም ስር አይዘረጋለትም፣ እንግዴ ልጁም በትክክል አይያያዝም። ኦቶታክሲን የሌለው ደሞ (2006) 10ኛው ቀን አካባቢ ይሞታል፣ እሱም የአስኳል ከረጢቱ የደም ስር ተበላሽቶ ነው። ተቃራኒ ኢንዛይም፣ ቦታው ግን አንድ!

ይሄን ያስረዳልኝ ቆቦ ያለው የአጎቴ የሽንኩርት ማሳ ነው። የውሃ አባቱ ተራህ ነው ብሎ ካልለቀቀልህ ሽንኩርቱ ይደርቃል፣ ለቆህ የሚዘጋው ከጠፋ ደሞ ይበሰብሳል፣ በሁለቱም መንገድ ገበያ የምትወስደው ነገር የለም። ስላይዱን አጥፍቼ በቦታው ቦይ ሳልኩ።

ግን የአስኳል ከረጢት ላይ የደም ስር ሲባል አይቼው አላውቅ፣ እንዴት አድርጌ ለሰው ላስረዳ? ሐይቅ እናቴ ጋ የምትታቀፍ ዶሮ ነበረች። ማክሰኞ የመጨረሻ እንቁላሏን ጣለች፣ ከዛ ቆጥሬ አርብ አንድ ሰበርኩ፣ ምንም የለም፣ የሚጠበስ እንቁላል ነው። ለካ ዶሮዋ ከታቀፈች ገና አንድ ሌሊቷ ነው፣ እንቁላል ደሞ ሙቀት እስኪያገኝ ቆሞ ይጠብቃል። እናቴ «ምነው ልጄ፣ ዶሮዋን ለምን ታስለቅሳታለህ» አለችኝ፣ ለምኜ አንድ ብቻ አስፈቀድኩ። በታቀፈች በ4ኛው ቀን ማታ የስልክ መብራት ከስሩ አበራሁበት፣ ቀይ ክር እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ይታያል። ቀስ ብዬ ቅርፊቱን ከላይ ስከፍተው መሃል ላይ ከጤፍ ብዙም የማይበልጥ ቀይ ነጥብ ትክ ትክ ይላል፣ ልቡ ነው። እናቴ አይታ «አላህ» ብላ ዝም አለች፣ ከዛ ሁለተኛ እንዳትነካ አለችኝ።

እርግጥ አይጥ እንደ ዶሮ ከአስኳል አይመገብም። ግን የመጀመሪያዎቹ የደም ሴሎች እሱም ጋ የሚፈጠሩት እዛው ከረጢት ላይ ነው፣ ስለዚ ቪዲዮውን አሳይቼ ልዩነቱን በግልፅ ተናገርኩ።

የቀን አቆጣጠሩም በእንቁላሉ ገባኝ። ጽሁፎቹ የሽሉን እድሜ 9.5 ቀን ሲሉ የሆነ መለኪያ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ወንድና ሴት ማታ አገናኝተው ጠዋት ሴቷ ላይ የመገናኘት ምልክት ካዩ የዛኑ ቀን 6 ሰዓት 0.5 ብለው ይጀምራሉ። የአይጥ እርግዝና ከ19 እስከ 20 ቀን ስለሆነ ግማሽ ቀን ትልቅ ነገር ነው። አሁን ጽሁፍ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው በስንተኛው ቀን ሞተ የሚለውን ነው። ፋቲ አሲድ (የቅባት መስሪያውን) የሚሰራው ኢንዛይም ከጠፋ ሽሉ ማህፀን ላይ ሳይጣበቅ ያልቃል፣ ሌላ መልእክተኛ ቅባት ከሚሰሩት ሁለት ኢንዛይሞች፣ ከስፊንጎሲን ካይኔዝ 1 ወይ 2፣ አንዱ ለብቻው ቢጠፋ አይጡ ደህና ይወለዳል፣ ሁለቱም ሲጠፉ ግን ሽሉ ደም ፈሶት ይሞታል። እኔ አንዱ ለብቻው ሲጠፋ የሚሆነውን ብቻ አንብቤ ስፊንጎሲን ካይኔዝ ጥቅም የለውም ብዬ ደብተሬ ላይ ሰርዤው ነበር።

የሴሚናሩ ቀን መብራት ሄደና ፕሮጀክተሩ ጠፋ። ቦዩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሳልኩት፣ ቪዲዮውን ስልኬን እያዞርኩ አሳየሁ። ጥያቄ የመጣው ከሁሉም በላይ ስለ እንቁላሉ ነው፣ አንዱማ የት ነው የሚገዛው አለኝ።