ከኦኸንብሌ ወደ ሲሎን፦ ደብዳቤ ስለጻፉትና ስላልጻፉት

ኦኸንብሌ በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ ኪንካርዲንሻየር በሚባለው የእርሻ አገር የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። በያኔዋ ሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ሻይን ለገበያ በመትከል ፈር ቀዳጅ የሚባለው ጄምስ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1835 የተወለደው በዚህችው መንደር አቅራቢያ ነው። አባቱ የጋሪ መንኮራኩር ሠሪ ነበር፤ እናቱ ገና ልጅ ሳለ ሞታበታለች። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ መሬት እወርሳለሁ የሚል ተስፋ አልነበረውም፤ የሰበካው ትምህርት ቤት ግን ጽሕፈቱንም ሒሳቡንም በደንብ አስተምሮታል። ለባሕር ማዶ ርስቶች የሚፈለገው ሰው ደግሞ ይኸው ነበር፦ መዝገብ መያዝ የሚችል ድሃ።

ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ዘመድ ዘመዱን ይስብ ነበርና፣ ቴይለርም በሲሎን የቡና እርሻ ላይ የሚሠራ የአጎት ልጅ ነበረው። በዓመት 100 ፓውንድ ሊከፈለው ለሦስት ዓመት ተፈራርሞ በ1852 ኮሎምቦ ሲገባ 17 ዓመት አልሞላውም። ከዚያም ከካንዲ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሉልኮንዴራ በተባለ ደጋማ ርስት ላይ ዕድሜውን ፈጀ። በአርባ ዓመት ውስጥ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ለዕረፍት ወጣ የሚባለውም በ1874 ወደ ዳርጂሊንግ ሲሄድ ነው፤ በዚያም ያደረገው ሻይ እንዴት እንደሚለማ መመልከት ነበር። ለአባቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ተጠብቀው በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ስለ እሱ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከእነሱ የተቀዳ ነው።

ከቡና አገር የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ ሻዩ ሳይሆን ቡናው ነው። እንግሊዞች የካንዲን ደን መንጥረው የተከሉት ቡና ዘሩ ከእኛ ደጋ ጫካዎች የወጣው አረቢካ ነበር። በጫካችን ውስጥ ልዩ ልዩ የቡና ዓይነት በዛፍ ጥላ ሥር ተሰባጥሮ ሲያድግ፣ በሲሎን ኮረብታዎች ላይ ግን ከጥቂት እናት ተክሎች የተራባ አንድ ዓይነት ቡና ተጠጋግቶ ተተከለ። በ1869 የቡና ቅጠል ዋግ ደሴቲቱ ላይ ታየ። ሻጋታው በቅጠሉ ጀርባ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ሆኖ ይወጣል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ዛፉም ራቁቱን ይቀርና ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የደሴቲቱ የቡና ንግድ ከሞላ ጎደል አከተመለት።

ቴይለር በ19 ኤከር መሬት ላይ ሻይ የተከለው በ1867፣ ዋጉ ከመታየቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። ይህን እንደ ትንቢት የሚያወሩለት አሉ፤ እኔ ግን አይመስለኝም። አሠሪዎቹ አዳዲስ ተክል መሞከር ይፈልጉ ነበር፤ የፔራዴኒያ የዕፅዋት ማዕከልም ቅርብ ነበር፤ እሱም ቀደም ሲል ኪኒን የሚሠራበትን የሲንኮና ዛፍ ተክሎ ተሳክቶለታል። የእሱ ብልሃት የሚታየው ከመትከሉ ይልቅ በማዘጋጀቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው የሻይ ፋብሪካ የቤቱ በረንዳ ነበር፦ የተለቀመው ቅጠል ጠረጴዛ ላይ ተደርጎ በክንድ ይታሻል፣ ከዚያም ከከሰል እሳት በላይ በሸክላ ምድጃ ይደርቃል። በ1873 ወደ ለንደን የሄደው የመጀመሪያ ጭነት 23 ፓውንድ፣ ማለትም አሥር ኪሎ ገደማ ነበር።

ዛሬም በስሪላንካ ደጋ ደንኬልድ፣ ደንሲኔን፣ ስትራትስፔይ የሚባሉ የሻይ ርስቶች አሉ፤ አበርዲን የሚባል ፏፏቴም አለ። ከአበርዲንና ከኪንካርዲን አካባቢ ብዙ ወጣቶች በመሄዳቸው የአገራቸው ስም እዚያ ቀርቷል። ይሁንና እነዚያ ወጣቶች ኮረብታውን ብቻቸውን አላለሙትም። ቡናውንም ሻዩንም የለቀሙት በአብዛኛው ከደቡብ ሕንድ የመጡ ታሚሎች ናቸው፤ ባሕሩን ተሻግረው በሰሜኑ ደን ውስጥ በእግር ሲጓዙም ብዙዎች በመንገድ ላይ በበሽታና በረሃብ አልቀዋል። ቡና የሚለቀመው በወቅቱ ስለሆነ አዝመራው ሲያልቅ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር፤ ሻይ ግን ዓመቱን ሙሉ ለቃሚ ስለሚሻ ከነቤተሰባቸው በተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ቀሩ። የስኮትላንዱ ልጅ ስደት በደብዳቤ ሲመዘገብ፣ የእነሱ የተመዘገበው በርስቱ የደመወዝ ደብተር ላይ ነው። የሲሎንን ሻይ ታሪክ የአንድ ስኮትላንዳዊ ታሪክ ያስመሰለውም ይኸው ይመስለኛል።

በ1892 የርስቱ ባለቤቶች ቴይለርን ከሥራ አሰናበቱት፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በተቅማጥ በሽታ ሞተ። አስከሬኑን 24 ሰዎች በሁለት ቡድን እየተፈራረቁ ተሸክመው ካንዲ አድርሰውታል ይባላል። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሻይና የሲንኮና ልማት ቀዳሚ ተብሎ ተጽፎለታል። የለቃሚዎቹ ልጆች ዕጣ ግን የተወሰነው በሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው፦ ሲሎን ነጻ በወጣችበት በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ አብዛኞቹን የደጋ ታሚሎች አገር አልባ አደረጋቸው፤ በ1964 የሲሎንና የሕንድ መንግሥታት ባደረጉት ስምምነት ደግሞ 525,000 የሚሆኑት ወደ ሕንድ እንዲሄዱ ተወሰነ፤ ብዙዎቹም ሕንድን አይተዋት አያውቁም። ስሪላንካ አገር አልባ ሆነው እስከዚያ ለቀሩት ዜግነት የሚሰጥ ሕግ ያወጣችው በ2003 ነው።