ጂአርኢን ደግሜ ስፈተን የለወጥኩት አሠራር

ጂአርኢን፣ ማለትም ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ለማመልከት የሚወሰደውን የእንግሊዝኛ ቋንቋና የሒሳብ ፈተና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈተን ሒሳቡን 154፣ ቋንቋውን 149 አመጣሁ። እያንዳንዱ ክፍል የሚለካው ከ130 እስከ 170 ነው። ውጤቱ የሚያሳፍር ባይሆንም በውሃ ሀብት ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ለምትፈልግ ሴት ሒሳቡ ዝቅ ይላል። ደንቡ ከ21 ቀን በኋላ መድገም ይፈቅዳል፤ በ12 ወራት ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ መፈተንም ይቻላል። እኔ ግን አልቸኮልኩም። ክፍያው በዶላር ነው፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ድረስ መጓጓዣው፣ ማደሪያውና ከሥራ የሚወሰደው ፈቃድ ሲታከልበት ዕድልን ለመሞከር ብቻ የሚኬድበት መንገድ አይደለም። አሠራሬ መለወጡን በልምምድ ሳላረጋግጥ ላልመዘገብ ወሰንኩ።

የሳትኳቸውን የልምምድ ጥያቄዎች በአንድ ደብተር ሰብስቤ ግሽ ዓባይ አካባቢ ለሚኖሩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ወሰድኩላቸው። ጋሼ ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጡና «ልጄ፣ ስሌቱን ታውቂዋለሽ። ጥያቄው ያልሰጠሽን ነገር ግን ከራስሽ ትጨምሪበታለሽ» አሉኝ። የቀረውን ጥናቴን የመራው ይህ ንግግር ነው።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ላሳይ። ፈተናው ሁለት መጠኖችን የሚያወዳድሩ ጥያቄዎች አሉት፤ አራተኛው ምርጫ ሁልጊዜ «በተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም» የሚል ነው። አንድ ቁጥርና የዚያው ቁጥር ካሬ ቢቀርቡ የትኛው ይበልጣል? ቁጥር ሲባል ቀድሞ የሚመጣልን 2 ወይም 3 ስለሆነ ካሬው ይበልጣል እንላለን። ግማሽን ስንሞክር ግን ካሬው ሩብ ይሆናል፤ ያንሳል። 1ን ስንወስድ ደግሞ እኩል ናቸው። እንግዲህ መልሱ አራተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥመኝ ዜሮን፣ አንድን፣ ክፍልፋይንና ከዜሮ በታች ያለ ቁጥርን ሳልሞክር አላልፍም። የጂኦሜትሪ ሥዕሎችም የግድ በልካቸው የተሳሉ ስላልሆኑ የማምነው የተጻፈውን ብቻ ሆነ።

ያው ጠባይ በንባቡም ውስጥ ነበር። ሥራዬ ከጣና ጋር የተያያዘ ነው፤ እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ደግሞ በዳርቻው የሚኖር ሰው ሁሉ ስለ ውሃ አረም የሚለው አያጣም። ስለ ሐይቅ ሥነ ምህዳር የሚያወራ የልምምድ ምንባብ ሲመጣ የምመልሰው ጣናን እያሰብኩ ነበር። እውነት የሆነ ምርጫ ሁሉ ግን መልስ አይደለም። የሚደግፈውን መስመር ምንባቡ ውስጥ ካላገኘሁ የቱንም ያህል ትክክል ቢመስለኝ አልመርጠውም።

ክፍት ቦታ በሚሞላባቸው ጥያቄዎችም ምርጫዎቹን ከማየቴ በፊት የጎደለውን ሐሳብ በራሴ ቃል መሙላት ጀመርኩ። ከስድስት ቃላት ሁለት በሚመረጥበት ጥያቄ ሁለቱም ካልተገኙ ነጥብ የለም፤ ስለዚህ አንዱን አውቆ ሌላውን መገመት አያዋጣም። የድርሰቱ ክፍል 30 ደቂቃ ነው፤ በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ እየጻፍኩ ተለማመድኩት።

ስለ ሰዓቱ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። የሒሳቡ የመጀመሪያ ክፍል በ21 ደቂቃ 12 ጥያቄ፣ ሁለተኛው በ26 ደቂቃ 15 ጥያቄ ነው። የሁለተኛውን ክብደት የሚወስነው በመጀመሪያው የሠራነው ስለሆነ እኔ ትልቁን ጥንቃቄ የማደርገው እዚያ ነው። የሚያስቸግረውን ምልክት አድርጎ ማለፍና በዚያው ክፍል ውስጥ ተመልሶ መሥራት ይቻላል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። ይህን ሁሉ የተለማመድኩት ከሥራ በፊት ማለዳ ላይ፣ ስልኬን አጥፍቼ፣ ሰዓት እየያዝኩ ነው። አዘጋጁ ድርጅት በነጻ ከሚሰጣቸው ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች አንዱን ሳልነካ ለመጨረሻ አቆየሁት። በእሱ ያገኘሁት ውጤት የምፈልገውን ሲያሳየኝ ተመዘገብኩ።

በሁለተኛው ፈተና ሒሳቡ 163፣ ቋንቋው 155 ሆነ። ውጤቱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ የትኛውን ፈተና ለዩኒቨርሲቲዎች እንደሚልክ የሚመርጠውም ተፈታኙ ስለሆነ እኔ ሁለተኛውን ብቻ ላክሁ። ከእኛ አገር ለሚመዘገብ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ የራስንም የአባትንም የአያትንም ስም ፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው ፊደል፣ አንድም ሳይቀየር ይሙሉ። ስማችን በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ስለሚጻፍ የትምህርት ማስረጃውና ፓስፖርቱ ካልተጣጣሙ ማስተካከያው ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ክፍያውን ከመፈጸም በፊት ማየት ይሻላል።