አራተኛ ክፍል የሠራት ኢትዮጵያ

አራተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። የክፍላችንን ካርታ ጫፉን አይጥ በልቶት ሞያሌ የለችም። ለልጆቹ ተራራ ማለት ቡናማ ቀለም፣ ወንዝ ማለት ሰማያዊ መስመር ነው። ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ ግቢው ገና ጭቃ ሳለ፣ "ውጡ፣ ኢትዮጵያን እንሠራለን" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ማን ያቆማቸዋል!

ሰሜን በዳይሬክተራችን ቢሮ በኩል ነው። የቢሮው በር ሜዲትራኒያን ባሕር ተባለ። ሥራ ተከፋፈለ። የሰሜን ተራሮች ቡድን ራስ ዳሽንን እስከ ጉልበቴ ቆለለው። "በዚህ ልክ ከሆነ ዳሎል የጣት ጥፍር ያህል ብቻ ነው የሚጎደጉደው" ብዬ አስረዳሁ። አንዱ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ ሌላው ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ምናምን ነው። ዳሎል የደረሰው ልጅ ግን ከጥበቃው አካፋ ተውሶ መጥቷል። "በቃ" ስለው "እሺ ቲቸር" ይላል፣ ይቆፍራል።

አዋሽ የደረሳት ልጅ ደግሞ አለቀሰች። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ያን ሁሉ አገር አቆራርጦ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር የሚባል አያይም። "የሷ ለምን ይደርሳል?" እያለች አባይን የያዘችውን ትጠቁማለች። አቤን ትንሽ አሰፋንላትና ዝም አለች።

የአባይዋም ጥያቄ አላት። "ቲቸር፣ ግብፅ እኮ በዚህ ናት። እሱ ለምን ወደዚያ ይሄዳል?" እውነቷን ነው። አባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ጎጃምን ዞሮ ነው ወደ ሱዳን የሚታጠፈው። መንገድ ጠፍቶት ነው የሚሉና ዘመድ ሊጠይቅ ነው የሚሉ ወገኖች ተነሱ። እኔ ዘመድ ጥየቃውን ደገፍኩ።

ጣና ላይ ውኃ በጀሪካን ብናፈስ ብናፈስ ሱዳን ደረቅ ሆነች። ምን ነካው ብዬ ሳይ፣ ኋላ ወንበር የሚቀመጡት ወንዶች ጉባ ላይ ድንጋይና ጭቃ ደርድረዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ጳጉሜን 2017 የግድቡን ምርቃት በቴሌቪዥን ያዩ ልጆች ናቸው። ግብፅ የተመደቡት "ቲቸር፣ ውኃ ከለከሉን!" ብለው ከሰሱ። "ተነጋገሩና ተስማሙ" አልኩ። ንግግሩ ወዲያው ግፊያ ሆነ። በመሃል አንዱ ተገፍቶ ግድቡ ላይ ቁጭ አለ።

ጎርፉ ሱዳንን አልፎ፣ ግብፅን አልፎ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ቢሮ ገባ። ዳይሬክተሩ በተወለወለ ጫማቸው ብቅ አሉ። ውኃውን በምሥራቅ በኩል ሊዘሉት ሲሉ፣ አንድ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ዳሎል ውስጥ ገባ።

"ማነው ይሄን የቆፈረው?"

ልጁ አካፋውን ከኋላው ደበቀ። ትምህርቱን ግን አልረሳም።

"ማንም አልቆፈረውም ጋሼ። አፍሪካና ዓረብ ሲራራቁ መሬቱ በራሱ ሰምጦ ነው።"

ዳይሬክተሩ መልስ አልሰጡም። ካልሲያቸውን እየጨመቁ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፦ "በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለ ፈቃድ ወንዝ መልቀቅም ሆነ ግድብ መገደብ በጥብቅ የተከለከለ ነው።"

ስለ ዳሎል ምንም አይልም።